የጥሩምባ አፍ ሲጠቁር
ስለ ብር፣ ስለ ማርሽ ባንድና ስለ አጠራረጉ

ማርሽ ባንድ ሲያልፍ ዓይናችን የሚያርፈው በትልቁ ከበሮና በቱባው ላይ ነው። ሙዚቀኛው ከንፈሩን የሚያሳርፍባትን ትንሽ ቁራጭ ግን ማንም ልብ አይላትም። ሙዚቀኞች ማውዝፒስ ይሏታል። የትራምፔት ከሆነች ርዝመቷ ከአንድ የእጅ ጣት ብዙም አይበልጥም። ድምፁ የሚጀምረው ግን ከእሷ ነው፤ ከንፈር ይርገበገባል፣ ማውዝፒሷ ትቀበላለች፣ ቱቦው ያጎላል። መሣሪያው የባንዱ ወይም የትምህርት ቤቱ ንብረት ቢሆንም እንኳ ብዙ ነፊዎች ማውዝፒሳቸውን የራሳቸው አድርገው በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። ለምን ቢባል፣ ከንፈር የለመደውን አይለቅም።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው አንድ ጥያቄ ነው፦ በብር የተለበጠች ማውዝፒስ ስትጠቁር ምን እናድርግ? «ይወልወላ! ይኼ ምን ጥያቄ ነው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። አሮጌ ዕቃ በእሳት ወይም በሌባ ብቻ አይጠፋም፤ በፍቅር ተወልውሎ ተወልውሎም ያልቃል። ለማውዝፒስ የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ ለመረዳት ደግሞ በመጀመሪያ ብሩ ምን እንደሆነ፣ ከዚያም እንዴት እዚያ ላይ እንደወጣ፣ በመጨረሻም መሣሪያዎቹ እንዴት ወደ አገራችን እንደገቡ ማየት ይጠቅማል። (በጽሑፉ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ያልተባለው ዓመት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ብር እና መለከት

በአማርኛ ብር ማዕድኑም ነው፣ ገንዘቡም ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አያቶቻችን ሲገበያዩ የኖሩት በእውነተኛ ብር ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት፣ እኛ ማርትሬዛ የምንለው ገንዘብ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላም ያው 1780 የሚለው ዓመት ሳይለወጥ እየተቀረጸበት ሲታተም ኖሯል። አንጥረኞቻችንም ማርትሬዛውን እያቀለጡ መስቀል፣ ድሪ፣ አልቦና ጉትቻ ሠርተውበታል። ዛሬ በኪሳችን ያለው ብር ወረቀት ስለሆነ አይጠቁርም፤ ያልቃል እንጂ!

ብርና የትንፋሽ መሣሪያ የተገናኙትም ዛሬ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሰው በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 10 ሙሴ ሕዝቡን ለመጥራትና ሰፈሩን ለማንቀሳቀስ ሁለት የብር መለከቶች እንዲያሠራ መታዘዙን ያውቃል። በግብፅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1922 በተገኘው የቱታንካሙን መቃብር ውስጥ ሁለት መለከቶች ነበሩ፤ አንዱ ከብር፣ ሌላው ከመዳብ ቅይጥ የተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1939 ሁለቱም በካይሮ ተነፍተው ድምፃቸው በቢቢሲ ሬዲዮ ለዓለም ተሰምቷል። ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ዝም ያለ ብር እንደገና ተናገረ ማለት ነው።

እንግዲህ ብር ይህን ያህል ዘመን ከኖረ መጥቆሩ ምንድነው?

ጥቁሩ ምንድነው?

ብረት ይዝጋል። ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ተዋህዶ ቀይ ዝገት ይሆናል፣ እየተቀረፈም ይወድቃል። ብር ግን በተለመደው አየር ውስጥ እንደ ብረት አይዝግም። የብር ጠላቱ ድኝ ነው። በአየር ውስጥ እጅግ በጥቂቱ የሚገኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ አለ፤ የተበላሸ እንቁላል ሽታ የሚሰጠው እሱ ነው። ይህ ጋዝ እርጥበት ባለበት ብሩን ሲያገኘው ድኙ ከብሩ ጋር ይዋሃድና ሲልቨር ሰልፋይድ የሚባል ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ መጀመሪያ ቢጫ ይመስላል፤ ሲወፍር ቡናማ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅና ሰማያዊ የመሰለ ቀለም ያሳያል፤ በመጨረሻም ይጠቁራል። ሽማግሌዎቹ «ብሩ ወየበ» የሚሉት የመጀመሪያውን ደረጃ ነው።

ድኙ የሚመጣው ከከሰልና ከነዳጅ ጭስ ብቻ አይደለም። እንቁላል፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ድኝ አላቸው። ሱፍ አለው። ላስቲክም አለው። ስለዚህ ማውዝፒስን በሱፍ ካልሲ ጠቅልሎ፣ በላስቲክ አስሮ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ እንዳትጠቁር መጠበቅ ሳይሆን እንድትጠቁር ማዘጋጀት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ያ ጥቁር ነገር ከውጭ መጥቶ የተለጠፈ ቆሻሻ አይደለም። ከክብደቱ 87 በመቶው ብር ነው። በሌላ አነጋገር 100 ግራም ጥቁር ሽፋን ቢሰበሰብ በውስጡ 87 ግራም ብር አለ፤ ድኙ 13 ግራም ብቻ ነው። ጨርቅ ላይ ዱቄት ነስንሰን ፈግፍገን ስናነሣው፣ ጨርቁ ላይ የሚቀረው ጥቁር ምልክት የማውዝፒሷ የራሷ ብር ነው። እጃችን ላይ የቀረው እድፍ አይደለም፤ ዕቃው ራሱ ነው።

ይህ ነገር ለብር መስቀል ያን ያህል አያስፈራ ይሆናል፤ መስቀሉ ውስጡም ብር ነውና። ለማውዝፒስ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እሷ ውስጧ ናስ ነው፤ መዳብና ዚንክ ተቀላቅለው የሚሠሩት ቢጫ ብረት። ብዙ ጊዜም በማሽን ለመቅረጽ እንዲመች ጥቂት እርሳስ ይገባበታል። ብሩ ያለው በላይዋ ብቻ ነው፤ ውፍረቱም ከሰው ፀጉር ያነሰ ነው። ከዚያ በላይ የሚወለወል ነገር የለም። ብሩ ካለቀ ከንፈር ከናሱ ጋር ይገናኛል፤ ናሱ በምራቅና በላብ አረንጓዴ ያወጣል፣ አንዳንዱን ሰውም ከንፈሩን ያሳክከዋል። ስለዚህ ብሩ ጌጥ ብቻ ሳይሆን በከንፈርና በናስ መካከል ያለ አጥር ነው።

ብሩ እንዴት እዚያ ወጣ?

ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 የመጀመሪያውን ባትሪ አስተዋወቀ። አሠራሩ የሚገርም ቀላል ነበር፤ የብርና የዚንክ ክቦችን እያፈራረቀ ደረደረ፣ በመካከላቸው በጨው ውሃ የራሰ ካርቶን አስገባ፣ ኤሌክትሪክ አገኘ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በጨዋማ ውሃ አማካይነት ሲገናኙ አንዱ ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ይህችን ዐረፍተ ነገር አንባቢ እንዲይዛት እንለምናለን፤ ስለ አጠራረጉ ስንናገር ተመልሰን እናገኛታለን።

ከቮልታ 40 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1840፣ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ኤልኪንግተን የሚባሉ የአጎት ልጆች በኤሌክትሪክ ብር የመለበጥን ዘዴ የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። ቁልፉን ያገኘላቸው ጆን ራይት የሚባል የዚያው ከተማ ሐኪም ነበር፤ ብሩ በሳይናይድ ውሁድ ውስጥ ሲሟሟ ልባጡ ጠንካራና የተስተካከለ እንደሚሆን ደረሰበት። ሳይናይድ መርዝ መሆኑን ኬሚስቶቻችን ማስታወስ አያስፈልጋቸውም። ሥራው ያኔም ዛሬም የባለሙያ ሥራ ነው፤ በጓዳ የሚሞከር አይደለም።

ጊዜው የተመቸ ነበር። ሽቶልትሰልና ብሉመል የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ለናስ መሣሪያ የሚሆን የቫልቭ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1818 አስመዝግበው ነበር። በቫልቭ ምክንያት ጥሩምባ ማንኛውንም ኖታ መጫወት ቻለ፤ ከአዳኝና ከወታደር ምልክትነት ወደ ሙሉ ሙዚቃ መሣሪያነት ተሸጋገረ። የፋብሪካና የማዕድን ሠራተኞች ሳይቀሩ በየሰፈራቸው ባንድ አቋቋሙ። ገንዘብ ያገኘው ባንድ መሣሪያዎቹን በብር ያስለብጥና ስሙን «የብር ባንድ» ይል ጀመር፤ በእንግሊዝ አገር ይህን ስም እስከ ዛሬ የያዙ ባንዶች አሉ። ጥንት የነገሥታት ቤት ዕቃ የነበረው የብር መለከት በኤሌክትሪክ አማካይነት የሠራተኛው እጅ ገባ።

ወደ እኛ አገር

በኢትዮጵያ ነጋሪት፣ እምቢልታና መለከት የሥልጣን ድምፅ ሆነው ኖረዋል። ጌታ ሲወጣ ይመታል፣ ይነፋል፤ አዋጅ ሲነገር ይጎሰማል። በቫልቭ የሚሠሩት የአውሮፓ የናስ መሣሪያዎች የመጡት ግን ከዓድዋ ድል በኋላ ነው። 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ስም በዓለም ካስጠራ በኋላ ከሩሲያ ጋር የነበረው ወዳጅነት ጠነከረ፤ ከንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለዳግማዊ ምኒልክ ከመጡት ስጦታዎች መካከል የማርሽ ባንድ መሣሪያዎች ነበሩበት። የአዲስ አበባ ሰው የጥሩምባና የቱባን ድምፅ የለመደው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የበለጠ ልብ ይነካል። ራስ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በኢየሩሳሌም አለፉ። በዚያ በአርመኖች ገዳም ውስጥ ከጭፍጨፋ የተረፉ፣ ወላጅ አልባ የሆኑ የአርመን ልጆች የሚጫወቱበትን ባንድ ሰሙ። ልባቸው ተነካና 40ዎቹን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ አመጧቸው። በታሪካችን «ዐርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። በዘውዱ ዘመን የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው እሱ ሲሆን፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ ኢትዮጵያ የራሷ ባንድና የራሷ መዝሙር ነበራት። አገር ያጡ ልጆች ለሌላ አገር ድምፅ ሰጡ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ባንዶች በዙ። የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ ሠራዊትና የማዘጋጃ ቤት ባንዶች ለብዙ ወጣቶች የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሆኑ። ከዚያው ከናልባንዲያን ቤተሰብ የወጣው ነርሲስ ናልባንዲያን በማዘጋጃ ቤቱና በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቀኞችን አሠልጥኗል። ቴአትሩ፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የንጉሡን 25ኛ የዘውድ በዓል ምክንያት አድርጎ ነው። በዓሉም «የብር ኢዮቤልዩ» ይባል ነበር፤ ብር እዚህም አልቀረም!

የእኛም ግቢ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለበት። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆነ። ዛሬ በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የባህል ሙዚቃ መሣሪያዎቻችንን የሚያሳየው በዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም አሁን በዩኒቨርሲቲው ሥር ነው። ማለትም ነፊውም፣ ኬሚስቱም፣ የታሪክ ተመራማሪውም፣ የሙዚየም ባለሙያውም አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። ከዚህ የተሻለ ዕድል ከየት ይመጣል?

የውልወላ ባህል

ከወታደር ባንድ ጋር አብሮ የኖረ ሌላ ነገር አለ፤ ውልወላ። በየትኛውም አገር ወታደር ቁልፉን፣ ዘለበቱንና ጫማውን ያብለጨልጫል። ሙዚቀኛውም መሣሪያውን። ለሰልፍ የወጣ ባንድ ፀሐይ ላይ ሲያበራ ማየት ደስ ይላል፤ የሥነ ሥርዓትም ምልክት ነው። ይህን ልማድ የምናቃልለው አይደለም። ብዙ መሣሪያ እስከ ዛሬ የቆየው ስሙ ያልተመዘገበ አንድ ዕቃ ጠባቂ ወይም አንድ ወታደር ስላጠበውና ስላደረቀው ነው።

ችግሩ ለናስ ቁልፍ የሚሆነው ለብር ልባጥ አይሆንም። ለናስ የሚሸጠው መወልወያ ፈሳሽ ሸካራ ዱቄት አለው፤ ወፍራም ናስ ይችለዋል፣ ስስ ብር ግን አይችለውም። በየቤታችን ብረት ድስት የምናበራበት አመድም ያው ነው። የጥርስ ሳሙናም እንዲሁ፤ ለጥርስ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ውስጡ ያለው መፈግፈጊያ ደግሞ ለብር ከባድ ነው። ሽቦማ ባይነሣ ይሻላል። እነዚህ ሁሉ ያበራሉ፤ ለዚያም ነው የሚያሳስቱን። የሚያበሩት ግን ብሩን እየላጡ ነው። በየሳምንቱ ለሰልፍ የምትፈገፈግ ማውዝፒስ ከዓመታት በኋላ መጀመሪያ ጠርዟ ላይ፣ ከዚያም እጅ በሚይዛት ቦታ ላይ ቢጫ ናሷን ታሳያለች።

ታዲያ እንዴት ትጠረግ?

በመጀመሪያ ጥቁረትንና ቆሻሻን እንለይ። ከውጭ ያለው የብር ጥቁረት ድምፅ አይለውጥም። ድምፅ የሚለውጠውና ጤናንም የሚነካው ውስጧ የሚጠራቀመው ነው፦ ምራቅ፣ የምግብ ቅሪት፣ ጀርምና ሻጋታ። ሲብስ ደግሞ ይጋገራል። የተለመደ የትራምፔት ማውዝፒስ ጉሮሮ 3.66 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ላይ ትንሽ ነገር ቢጋገር ነፊው ወዲያው ያውቀዋል። እንግዲህ ውጪዋ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ውስጧ ግን ያልታጠበ ማውዝፒስ ንጹሕ አይደለችም። ውጪዋ የወየበ፣ ውስጧ የታጠበ ግን ንጹሕ ናት።

ስለዚህ ከነፉ በኋላ ለብ ባለ ውሃ አለቅልቆ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ማድረቅ የመጀመሪያው ነው። በሳምንት አንዴ ደግሞ ለብ ያለ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ የሳሕን ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጎ፣ ለማውዝፒስ በተሠራ ትንሽ ብሩሽ ከሁለቱም በኩል ማጠብ ይበቃል። ጉሮሮዋን በሽቦ ወይም በምስማር መጎርጎር ክልክል ነው፤ እዚያ ላይ የምትገባ ጭረት አትወጣም። ይህን ብቻ አዘውትሮ የሚያደርግ ሰው ጥቁረቱ ቶሎ አይደርስበትም።

ጥቁረቱ ቀላል ከሆነ ለብር ተብሎ የተሠራ ለስላሳ ጨርቅ በእርጋታ ማስኬድ ይበቃል። የሙዚየም ባለሙያዎች በጣም የላመ ካልሲየም ካርቦኔት በተጣራ ውሃ ለውሰው ይጠቀማሉ። መምህራን ሆይ፣ ይህ ማለት የሰሌዳ ጠመኔ ማለት አይደለም! የሰሌዳው ብዙ ጊዜ ጂፕሰም ነው፤ የሚቧጥር ቅንጣትም ሊኖረው ይችላል።

ጥቁረቱ ከበረታ፣ ብሩ ግን ያልተላጠ ከሆነ፣ የቮልታን ዘዴ እንጠቀማለን። ማውዝፒሷን አስቀድሞ በሳሙና አጥቦ ቅባቷን ማስለቀቅ ነው። የብርጭቆ ወይም የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳሕን ታችኛው ክፍል ላይ አሉሚኒየም ፎይል ማንጠፍ፤ ማውዝፒሷን ፎይሉን እንድትነካ አድርጎ ማጋደም፤ በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ቤኪንግ ሶዳ አሟሙቶ እስክትሸፈን መጨመር። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፣ ቤኪንግ ሶዳ ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ውሃው አረፋ ያወጣል፣ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ይሸታል፣ ፎይሉ ይደበዝዛል፣ ብሩም ይነጣል። መስኮት ከፈት ማድረግ ጥሩ ነው። ከዚያ አውጥቶ በብዙ ውሃ ማለቅለቅና ወዲያው ማድረቅ።

እዚህ ላይ ምን ሆነ? ሶዳው አሉሚኒየሙን ሁልጊዜ የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ይከፍትለታል፤ አሉሚኒየሙ ኤሌክትሮኑን ይሰጣል፤ በጥቁሩ ውስጥ ያለው ብር ኤሌክትሮኑን ተቀብሎ እንደገና ብር ይሆናል፤ ድኙ ደግሞ ይለቃል። ሽታው የድኙ መሰናበቻ ነው። ሁለት ብረቶች፣ ጨዋማ ውሃ፣ ኤሌክትሪክ። እ.ኤ.አ. በ1840 ብሩን ናሱ ላይ ያሳረፈውና ዛሬ ከጥቁሩ ውስጥ ብሩን የሚመልሰው አንድ ዓይነት ኃይል ነው። በመፈግፈግ 87 በመቶ ብር የያዘውን ሽፋን ጠርገን እንጥላለን፤ በዚህኛው ግን ብሩን እዚያው እናስቀረዋለን።

ነገር ግን ይህም ለሁሉ መድኃኒት አይደለም። የተመለሰው ብር እንደ ድሮው ጥቅጥቅ ያለ አይሆንም፤ ደብዘዝ ሊል፣ ተመልሶም ቶሎ ሊጠቁር ይችላል። ስለዚህ በዓመት አንዴ ሁለቴ እንጂ በየሳምንቱ አይደረግም። ናሷ የታየች ማውዝፒስ ላይ አይደረግም፤ እሷ የምትፈልገው እንደገና የሚለብጣት ባለሙያ ነው። ሙሉ መሣሪያም በዚህ ውሃ አይነከርም፤ ቫልቭና ብየዳ አለው። ሎሚና ኮምጣጤ ውስጥ ነክሮ ማሳደርም አይገባም፤ አሲድ የናሱን ዚንክ እየበላ ቀይ መዳብ ብቻ ያስቀራል። በረኪናማ ጭራሽ አይነካት፤ ክሎሪኑ ብሩን ይጎዳዋል፣ መልሶም ያጠቁረዋል።

ከጠረጉ በኋላ ማስቀመጡ ነው የሚቀረው። ደረቅ ቦታ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ። ከሱፍ፣ ከላስቲክና ከጋዜጣ ወረቀት ራቅ ማድረግ።

የማይጠረግ ጥቁረት

እስከዚህ የተናገርነው ስለሚነፋበት ማውዝፒስ ነው። ከነፊዋ ተለይታ መሳቢያ ውስጥ ለቀረችው ግን ሌላ ሕግ አለ።

አንድ አሮጌ ማውዝፒስ ላይ የሚነበብ ነገር ብዙ ነው። የሠሪው ማኅተምና ቁጥር አለ፤ አንዳንዴ ብዙም ጥልቀት የለውምና ከመጠን ያለፈ ውልወላ ያጠፋዋል። ጠርዟ ላይ ብሩ የሳሳበት ቦታ ነፊው ከንፈሩን ወደየት ያዘነብል እንደነበር ይናገራል። እግሯ ላይ ያሉት ክብ ጭረቶች ስንት ጊዜ ገብታ እንደወጣች ይመሰክራሉ። መጋጨቷ፣ መውደቋ፣ ተቃንታ መጠገኗ ሁሉ ይታያል። በአገራችን የባንድ ታሪክ አብዛኛው ነፊ ስሙ አልተጻፈም። መሪዎቹን እናውቃለን፤ ሦስተኛ ኮርኔት የነፋውን ግን ማን ያውቀዋል? ከእሱ የቀረው ምልክት ምናልባት ያ የሳሳ ጠርዝ ብቻ ነው። እሱን አብለጭልጮ ማስተካከል የአንድን ሰው የመጨረሻ ፊርማ መፋቅ ይሆናል።

ስለዚህ ከአባት፣ ከአያት ወይም ከመምህር የቀረ ማውዝፒስ፣ ኮርኔት ወይም ጥሩምባ በቤቱ ያለው ሰው «ለሙዚየም ከመስጠቴ በፊት ላሳምረው» ብሎ እንዳይነሣ አደራ እንላለን። መጀመሪያ ከየአቅጣጫው ፎቶ ይነሣ። ማኅተሙና ቁጥሩ ይገልበጥ። ከዚያም በወረቀት ላይ፦ ማን ነፋባት? በየትኛው ባንድ? ከመቼ እስከ መቼ? ከማን እጅ ወደ ማን እጅ መጣች? የሚል ይጻፍ። ወረቀቱ ከዕቃው ጋር ይቀመጥ፤ በብረቱ ላይ ግን ምንም አይጻፍ፣ ማጣበቂያም አይለጠፍ። ይህን የሚያውቁ አባቶችና እናቶች ዛሬ በዕድሜ ገፍተዋል። ጥቁረቱ የዛሬ 10 ዓመትም ሊጠረግ ይችላል፤ ትዝታቸው ግን እስከዚያ አይጠብቀንም።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ሐሳብ አለን። ይህች ትንሽ ቁራጭ ለሦስት ትምህርት ክፍሎች የምትበቃ ርዕስ ናት። የኬሚስትሪ ተማሪ የሽፋኗን ውፍረትና የጥቁረቷን ምንነት ይለካል፤ የሙዚቃ ተማሪ የጉሮሮዋንና የኩባያዋን ቅርጽ ከድምፅዋ ጋር ያነጻጽራል፤ የታሪክ ተማሪ የነፊውን ቤተሰብ ያነጋግራል። የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት ነው። የሚያስፈልገው ዕቃና የዕቃው ታሪክ ነው፤ ሁለቱም ያሉት በእናንተ በቀድሞ ተማሪዎች ቤት ነው።

እናም በቀጣዩ መገናኛችን እንዲህ ያለ ዕቃ ያላችሁ፣ በጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ታሪኩን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ። ጠቁራም ቢሆን እንዳለች ትምጣ፤ መጠረግ ያለባት መሆኑንና አለመሆኑን አብረን አይተን እንወስናለን።